አምስት ማሽን በአንድ ዋጋ? አሮጌ ሁለገብ የእንጨት ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ የምንኖር፣ ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ያለን፣ እንጨት መሥራት የምንወድ ሰዎች አንድ ቀን ስልካችን ላይ ይህን ማስታወቂያ ማየታችን አይቀርም። «ሾፕስሚዝ። ይሠራል። 350 ዶላር። መጥቶ ለሚወስድ።» ፎቶው ላይ ሁለት ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ይታያሉ። ቱቦዎቹ ላይ ሞተር የያዘ ግራጫ ሳጥን ተቀምጧል። ከሥር ደግሞ ምንነቱ የማይለይ ብረታ ብረት በካርቶን ታጭቋል።

አንዱ ጓደኛ «ዝም ብለህ ውሰደው፣ አምስት ማሽን በአንድ ዋጋ ነው» ይላል። ሌላው «ገንዘብህን አታባክን፣ አምስቱንም በቅጡ አይሠራም» ይላል። ሁለቱም የሚመክሩት የራሳቸውን ሥራ እያሰቡ ነው። የእናንተን ሥራ አያውቁም።

እኔ በመጀመሪያ 10 ኢአር የሚባለውን አሮጌ የሾፕስሚዝ ሞዴል ገዝቼ ሸጥኩ። ከዚያ ኋላ የወጣውን ሞዴል፣ ማርክ 5ን ገዛሁ፤ እሱ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ለየብቻቸው የቆሙ ማሽኖችም ሞክሬያለሁ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ምን ልትሠሩ ነው?

ማሽኑ ምንድን ነው?

ሾፕስሚዝን የፈለሰፈው ከጀርመን የመጣ ሃንስ ጎልድሽሚት የተባለ ሰው ነው። ገበያ ላይ የወጣው በ1947 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሞንትጎመሪ ዋርድ በሚባለው ትልቅ የሱቅ ድርጅት በኩል ይሸጥ ነበር። ጦርነቱ አልቋል፣ ወታደሩ ቤቱ ገብቷል፣ ጋራዥ ያለው አዲስ ቤት በየቦታው እየተሠራ ነው። አምስት ማሽን የሚገዛበት ገንዘብም የሚያስቀምጥበት ቦታም የሌለው ሰው ብዙ ነበር። ማሽኑ የተሠራው ለዚያ ሰው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሞተር አንድ ዘንግ ያሽከረክራል። ዘንጉ ላይ ክብ መጋዝ ስታስሩ ሰርኩላር ይሆናል። እንጨት በሁለት ጫፍ ወጥራችሁ ስታዞሩ ቶርኖ ይሆናል። ክብ ሰሌዳ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፋችሁ ስታስገቡ ማለስለሻ ነው። መሰርሰሪያ ስታስገቡ የጣውላን ጫፍ በጎን ይበሳል። ቱቦዎቹን ወደ ላይ ስታቆሟቸው ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚበሳ ትራፓኖ ይሆናል። አምስት የሚባለው ይኸው ነው።

በምን እንመዝነው?

የመጀመሪያው መመዘኛ ብዙ ጊዜ የምትሠሩት ሥራ ነው። ቁም ሳጥንና ኩሽና የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ሰፋፊ ኮምፔንሳቶ መቁረጥ ነው። ዱካ፣ ሙቀጫና የረከቦት እግር የሚሠራ ሰው ደግሞ ያዞራል፣ ይበሳል፣ ያለሰልሳል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ማሽን አይስማማቸውም።

ሁለተኛው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መቀየር የሚወስደው ጊዜ ነው። ማርክ 5ን ከመጋዝ ወደ ትራፓኖ ለመቀየር እኔ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይፈጅብኛል። ብዙ አይመስልም። ጉዳቱ ደቂቃው አይደለም። መጋዙን ስታወርዱ የለካችሁትም አብሮ ይሄዳል። «አንድ ጣውላ ረስቼ ነበር» ብላችሁ ብትመለሱ ያንኑ ልክ መልሶ ማግኘት ያለፋል።

ሦስተኛው ማጥበቂያዎቹ ናቸው። ይሄን ዘርዘር አድርጌ ማውራት እፈልጋለሁ፤ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና።

በዚህ ማሽን ላይ ሁሉም ነገር ተንሸራታች ነው። ሞተሩ ይንሸራተታል፣ ጠረጴዛው ይንሸራተታል፣ በቶርኖ ሥራ ጊዜ እንጨቱን ከወዲያ ጫፍ የሚይዘው ክፍልም እንደዚያው። ሁሉንም በቦታቸው የሚያቆማቸው ማጥበቂያና ጥቃቅን ቡሎን ነው። አንዱ ከላላ የሚሽከረከር እንጨት ወደ ፊታችሁ ይመጣል።

ይህ የሆነበት ሰው አለ፤ ስሙም በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይታወቃል። ዊልያም ግሪንማን ይባላል። ሚስቱ ለ1955 የገና በዓል ሾፕስሚዝ ገዝታ በስጦታ ሰጠችው። በ1957 የቶርኖ ዕቃዎቹን ጨምሮ ገዛ። ከአንድ ትልቅ እንጨት ጽዋ ሊያወጣ ፈልጎ ነበር። እንጨቱን ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ችግር ሠራበት። አንድ ቀን ግን ድንገት ከማሽኑ ተፈናጥሮ ግንባሩን መታውና ክፉኛ አቆሰለው። ባለሙያዎች ፍርድ ቤት ቀርበው እንዳስረዱት ክፍሎቹን የሚይዙት ቡሎኖች በቂ አልነበሩም። ማሽኑ በሠራ ቁጥር ከሚያደርገው ንዝረት የተነሣ የወዲያኛው ጫፍ መያዣ ከእንጨቱ እየራቀ ሄዷል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 ለግሪንማን የተፈረደውን 65 ሺህ ዶላር አጸናለት። ዳኛ ሮጀር ትሬይነር የጻፉት ያ ውሳኔ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ ሰው ሲጎዳ አምራቹ ተጠያቂ የሚሆንበትን ሕግ የቀየረ ሆነ።

ታሪኩን ያመጣሁት ማሽኑን ለማጥላላት አይደለም። እኔ ራሴ በየሳምንቱ እሠራበታለሁ። «ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ሠራበት» የምትለዋን ቃል እንድትይዙልኝ ነው። ቡሎን የሚላላው ቀስ እያለ ነው። ትናንት ጠበቅ ያለ ዛሬም ጠብቋል ማለት አይደለም።

አራተኛው መለዋወጫ ነው። አምስተኛው ጉልበትና ፍጥነት። ስድስተኛው ቦታ። የመጨረሻው ዋጋ ነው፤ ዋጋ ስል ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ማለቴ አይደለም። የጎደለው ዕቃ፣ አዲሱ ቺንጊያ (ሞተሩን ከዘንጉ የሚያገናኘው ቀበቶ)፣ አዲሱ ኩሽኔታ (ዘንጉ እንደ ልብ እንዲዞር የሚይዘው ቀለበት)፣ የመጋዝ ሽፋኑ ሁሉ ተደምሮ ነው።

10 ኢአር፦ አያት የሆነው ማሽን

ከ1947 ጀምሮ ማርክ 5 እስኪመጣ ድረስ የተሸጠው ትውልድ ይሄ ነው። በምኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ከ75 እስከ 250 ዶላር ሲጠየቅበት አያለሁ። በነፃ «ኑና አንሱልኝ» የሚልም አጋጥሞኛል።

ደስ የሚለው ነገር ገር መሆኑ ነው። ሞተሩ ከውጭ ነው፤ በቺንጊያና ቺንጊያው በሚጠመጠምበት መሽከርከሪያ፣ በፑሌጃ፣ ይገናኛል። ሞተሩ ቢቃጠል ማንኛውንም ተመሳሳይ ሞተር ማሰር ይቻላል። ፍጥነት የሚቀየረው ቺንጊያውን ከአንዱ የፑሌጃ ደረጃ ወደ ሌላው በማዛወር ነው። ለብቻው የሚሸጥ የፍጥነት መቀየሪያም ነበረው፤ አብሮ ከመጣ ዕድለኛ ናችሁ። ቶርኖውና ትራፓኖው ዛሬም ያኮራል።

መጋዙ ግን 8 ኢንች ብቻ ነው። ጠረጴዛው ትንሽ ነው። የመጋዝ ሽፋኑ ባለፉት 70 ዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል። መለዋወጫውም የሚገኘው ከሌላ አሮጌ 10 ኢአር ተፈትቶ ነው። ቶርኖና ትራፓኖ ለሚፈልግ፣ መጋዝ ከሌላ ቦታ ለሚያገኝ ሰው ጥሩ ነው። ለመቁረጥ ብላችሁ ግን አትግዙት።

አሮጌው ማርክ 5

በ1950ዎቹ አጋማሽ የመጣ ነው፤ ምርቱ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ቀጥሎ ቆመ። እዚህ ላይ ትልቁ ለውጥ የፍጥነት መቀየሪያው ነው። ሞተሩና ፑሌጃዎቹ አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ፊት ለፊት ክብ መዘውር አለ። እሱን ስታዞሩ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ700 ዙር ገደማ እስከ 5200 ዙር ገደማ ይወጣል። ቺንጊያ መንካት የለም።

የመጀመሪያዎቹ ጥርስ ያለው ቺንጊያ ስለሚጠቀሙ ያፏጫሉ። ድምፁ ብልሽት አይደለም፤ ጎረቤት ካላችሁ ግን አስቡበት። ሞተራቸውም ከኋለኞቹ ያነሰ ነው፣ ሦስት አራተኛ የፈረስ ጉልበት። የኤሌክትሪክ ገመዳቸውን ሳይቀይሩ መጠቀም አይገባም። እኔ ከከፈትኳቸው በአንዱ ውስጥ የሽቦው ልባስ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሯል።

ያም ሆኖ ብዙው ዕቃ ከኋለኛው ማርክ 5 ጋር ይገጥማል። ከ200 እስከ 450 ዶላር ባለው ዋጋ፣ በእኔ ግምት ለጀማሪ ከገንዘቡ በላይ የሚሰጥ ይሄኛው ነው። ቅድመ ሁኔታው ዕቃው ያልጎደለ መሆኑ ነው።

ከ1972 ወዲህ ያለው ማርክ 5

ጆን ፎልከርዝ የሚባል ሰው በኦሃዮ፣ ዴይተን ምርቱን በ1972 እንደገና አስጀመረ። ዛሬ ገበያ ላይ የምታዩት አብዛኛው የዚህ ትውልድ ነው። ሞተሩ አንድ ከአንድ ስምንተኛ የፈረስ ጉልበት ነው። መጋዙ 10 ኢንች ነው። ቶርኖው ዲያሜትሩ 16 ተኩል ኢንች፣ ወደ 42 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ እንጨት ያዞራል።

500፣ 510 እና 520 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ልዩነቱ በዋናነት ጠረጴዛውና የመጋዙ መምሪያ (ጣውላው ቀጥ ብሎ እንዲቆረጥ የሚደገፍበት ብረት) ላይ ነው። 500 ትንሽ ጠረጴዛ አለው። 510 ጎንና ጎን የሚዘረጋ ተጨማሪ ጠረጴዛ ጨመረ። 520 ደግሞ የተሻለ መምሪያ አመጣ። በኋላ የወጡት ዘንጉን በሁለት ኩሽኔታ የሚይዙ ናቸው፤ በአንድ ኩሽኔታ ከሚይዙት ይልቅ ሲሠሩ የረጉ ናቸው። ለዚህ ትውልድ ከ500 እስከ 1200 ዶላር ሲጠየቅ አያለሁ። 4 ኢንች መላጊያና 11 ኢንች የቀበቶ መጋዝ አብረው ከመጡ ዋጋው ከፍ ቢልም ያዋጣል። ሁለቱም ከጎን ተሰክተው በዚያው ሞተር ይሠራሉ።

ድክመቱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በሰርኩላር ሥራ ጊዜ ጠረጴዛው ከተለመደው ከፍ ይላል። አጭር ሰው ላይ ይከብዳል። ሰያፍ ለመቁረጥ መጋዙ ሳይሆን ጠረጴዛው ነው የሚያዘነብለው። ትልቅ ኮምፔንሳቶ በተንጋደደ ጠረጴዛ ላይ ገፍቶ መቁረጥ አደገኛ ነው፤ እኔ አላደርገውም። ወፍራም ጠንካራ እንጨት ላይ ደግሞ ሞተሩ ያቃስታል። ቀስ ብሎ መግፋት ያስፈልጋል። ቶርኖውም ቢሆን ዝቅተኛው ፍጥነት 700 ነው። ገና ላልተስተካከለ ትልቅ ሳህን ይህ ፈጣን ነው። ለዚያ ፍጥነት የሚቀንስ ተጨማሪ ዕቃ አለ፤ ካገኛችሁ ያዙት።

የሚያስደስተኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በጎን መብሳቱ። የአልጋ ጎን ጣውላ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ነው። ተራ ትራፓኖ ሥር ቀጥ አድርጎ ማቆም አይቻልም። እዚህ ግን ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ አጋድማችሁ ጫፉን ትበሳላችሁ። ሁለተኛው 12 ኢንች ማለስለሻው ነው። ዘንጉ በእጅ ስለሚወጣና ስለሚገባ ጣውላውን ሳትነኩ ሰሌዳውን በጥቂቱ ወደ እንጨቱ ማስጠጋት ትችላላችሁ። የዱካ እግሮች አንድ ልክ የሚሆኑት በዚያ ነው።

ማርክ 7 የሚባልም አለ። አሮጌው ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ብዙ አይገኝም። ስሙ ኋላ ለአዲስ ሞዴል ስለተደገመ ማስታወቂያ ስታነቡ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ለየብቻቸው የቆሙ ያገለገሉ ማሽኖች

ይህን አማራጭ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ያገለገለ ሰርኩላር፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትራፓኖና ትንሽ ቶርኖ ብትፈልጉ፣ ትዕግሥት ካላችሁ ሦስቱን ከ500 እስከ 900 ዶላር መሰብሰብ ይቻላል። ሰርኩላሩ ከማርክ 5 የተሻለ ይቆርጣል። ልኩ አይጠፋም። ሁለት ሰውም በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላል።

የሚጎድለው ቦታ ነው። ማርክ 5 ግድግዳ ጥግ ሲቆም 1.8 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ማደር ካለበት፣ ሦስት ማሽንና መኪና አብረው አይገቡም።

የአውሮፓው ዓይነት

አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች የምታገኙት ሌላ ዓይነት ነው። የቤልጅየሙ ሮብላንድ፣ የኦስትሪያው ፌልደር፣ የፈረንሳዮቹ ኪቲና ሉረም። እነዚህ ሰርኩላር፣ መላጊያና ሌላውንም አንድ የብረት አካል ላይ አሰባስበዋል። ትላልቆቹ ለየሥራው የራሱ ሞተር አላቸው። አገር ቤት በየሰፈሩ የእንጨት ሥራ ቤት የምናየው ኮምባይን የዚህ ዘመድ ነው። ለቤት ዕቃ ሥራ ከሾፕስሚዝ ጋር አይወዳደርም፤ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ትላልቆቹ ከ500 ኪሎ ያልፋሉ፣ ዋጋቸው ሺዎች ነው፣ አብዛኞቹም ቶርኖ የላቸውም። እንግሊዝ ላላችሁ ደግሞ ደርቢ ከተማ ይሠራ የነበረው ኮሮኔት ሜጀር አለ። እሱ እንደ ሾፕስሚዝ ከቶርኖ የተነሣ ነው።

በአንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | የሚጎብዝበት | የሚደክምበት | መለዋወጫ | ዋጋ (እኔ ያየሁት) |
|---|---|---|---|---|
| 10 ኢአር | ቶርኖ፣ ትራፓኖ፣ ማለስለስ | መቁረጥ | ከሌላ አሮጌ ብቻ | 75–250 ዶላር |
| አሮጌው ማርክ 5 | ከላይ ያለው ሁሉ፣ በቀላል የፍጥነት ለውጥ | ጉልበት፣ ያረጀ ገመድ | ብዙው ይገኛል | 200–450 ዶላር |
| ከ1972 ወዲህ ማርክ 5 | በጎን መብሳት፣ ቶርኖ፣ ተጨማሪ ዕቃዎች | ሰፊ ኮምፔንሳቶ፣ ሰያፍ ቁርጥ | በደንብ ይገኛል | 500–1200 ዶላር |
| ለየብቻ ማሽኖች | መቁረጥ፣ ልክ አለመጥፋት | ቦታ | ቀላል | በድምሩ 500–900 ዶላር |
| የአውሮፓ ኮምባይን | የቤት ዕቃ፣ መላግ | ክብደት፣ ዋጋ፣ ቶርኖ የለውም | እንደ አምራቹ | በሺዎች |

ታዲያ የትኛውን?

ከ300 ዶላር በታች ይዛችሁ ለመማር ከሆነ፣ ዕቃው የተሟላ አሮጌ ማርክ 5 ፈልጉ። ካጣችሁ 10 ኢአር ያዙ፤ ለመቁረጥ በእጅ የሚያዝ ሰርኩላር ጨምሩበት።

ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ ዱካ፣ የረከቦት እግር፣ የልጅ መጫወቻ ለመሥራት ከሆነ፣ ሁለገቡ ማሽን የተሠራው ለእናንተ ነው። አታመንቱ።

ኩሽናና ቁም ሳጥን ሠርታችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ሾፕስሚዝ አትግዙ። ጥሩ ሰርኩላር ግዙ። ሥራው ሲመጣ ሌላውን ትጨምራላችሁ። ለዚህ ሰው ሁለገብ ማሽን የመከረ ጓደኛ ጊዜውን ነው ያሳጣው።

ቦታ ጠባብ ሆኖ ሁሉንም ነገር ትንሽ ትንሽ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ 510 ወይም 520 ይሻላችኋል። 500ም ቢሆን ርካሽ ካገኛችሁት ቆይቶ ወደ 510 ማሳደጊያ ዕቃ አለው።

ሻጩ ቤት ስትደርሱ

ማርክ 5ን ልገዛ ስሄድ ሻጩ ማብሪያውን ጫን አደረገ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ቤት ወስጄ መዘውሩን ሳዞር አልንቀሳቀስ አለ። ለዓመታት በአንድ ፍጥነት ብቻ ስለሠራ የውስጡ ፑሌጃ ዘንጉ ላይ በዝገትና በደረቀ ዘይት ተጣብቆ ነበር። ለመፍታት ሁለት ቅዳሜና እሑድ ወሰደብኝ። ስለዚህ ማስነሣት ብቻ አይበቃም። ሞተሩ እየሠራ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ፍጥነት ቀስ ብላችሁ ውሰዱት፣ መልሱትም። ሞተሩ በጠፋበት ግን መዘውሩን ፈጽሞ አታዙሩ። መቀየሪያው ይሰበራል።

ከዚያ አጥፉና ነቅላችሁ ዘንጉን እስከ መጨረሻው አውጡት። ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርጉ። ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ወይም ማቀፊያው አልቋል። ማጥበቂያዎቹን አንድ በአንድ አጥብቁና ሞተሩን በሁለት እጅ ግፉት። ከተንሸራተተ ማጥበቂያው ተበልቷል። ቱቦዎቹን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ላይ ላዩን የሆነ ዝገት ይለቃል፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ግን ማንሸራተቱን ያበላሸዋል።

ቀጥሎ ካርቶኑን መሬት ላይ ዘርግፉት። መጋዙ የሚታሰርበት ማያያዣ፣ የመጋዙ ሽፋን፣ መምሪያው፣ የማዕዘን መምሪያው፣ የትራፓኖ ጭንቅላት፣ የቶርኖ ሁለቱ ጫፎች፣ መሮ የሚደገፍበት ብረት፣ ክቡ ሰሌዳ። አንዱ ሲጎድል 30 ወይም 60 ዶላር ነው። አራት ሲጎድል «ርካሹ» ማሽን ከውዱ ጋር እኩል ይሆናል። ባለቤቱ ዕድሜውን በሙሉ የተጠቀመበትን ማሽን ልጆቹ ሲሸጡት ብዙ ጊዜ ዕቃው ሌላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በትሕትና «አባታችሁ ከዚህ ማሽን ጋር ያስቀመጡት ሌላ ነገር ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የመጋዙን ሽፋን ያገኘሁት በዚች ጥያቄ ነው፤ አሮጌ የቀለም ጣሳዎች ኋላ ተቀምጦ ነበር።

ስትጭኑት ብቻችሁን አትሞክሩ። ማርክ 5 ወደ 90 ኪሎ ይመዝናል። ሞተሩን የያዘውን ሳጥን ከቱቦው አውጥቶ ለብቻው መጫን ይቻላል።

ቤት ከገባ በኋላ

ገመዱን ቀይሩ። የመሬት መስመር ባለው ሶኬት ሰኩት፤ የኤክስቴንሽን ገመድ ካስፈለገ ወፍራምና አጭር ይሁን። ቱቦዎቹን በቀጭን የብረት ሱፍ ፈትጉና የወለል ሰም ቀቧቸው። ዘይት አትቀቡ፣ ሰጋቱራ ይለጥፋል። ሰሙ ሲደርቅ በጨርቅ ስትወለውሉት ሞተሩ በአንድ እጅ ግፊት ይንሸራተታል። የውስጥ ፑሌጃዎቹን በየአሥር ሰዓት ሥራው በጥቂት ጠብታ ዘይት ማራስ አትርሱ።

የማሽኑ ዋና ቁልፍ 5/32 ኢንች አለን ኪ ነው። ዘንጉ ላይ የሚገባውን ሁሉ የምታጠብቁት በእሱ ነው። ቡሎኗ ዘንጉ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ቦታ ጋር በትክክል መግጠም አለባት። ትንሽ ዞር ካለች የጠበቀች ትመስላለች እንጂ አልጠበቀችም። እኔ አለን ኪዋን በክር አስሬ ማሽኑ ላይ አንጠልጥያለሁ። ቶርኖ ከመጀመሬ በፊት የሞተሩን፣ የመሮ መደገፊያውንና የወዲያኛውን ጫፍ ማጥበቂያዎች በተራ እነካለሁ። እንጨቱን በእጄ አንድ ዙር አዞራለሁ። ከዚያ ከፊቱ ዞር ብዬ ነው የማስነሣው። ረጅም ሥራ ከሆነ በመሃል አጥፍቼ ደግሜ አጠብቃለሁ።

አንድ ልማድ ደግሞ አደራ። ከማጥፋታችሁ በፊት ሁልጊዜ ፍጥነቱን ወደ ዝቅተኛው መልሱ። ዛሬ በከፍተኛ ፍጥነት ቆርጣችሁ ብታጠፉት፣ ነገ ቶርኖ ላይ ከባድ እንጨት አስራችሁ ስታስነሡ በዚያው ፍጥነት ነው የሚነሣው።

ሥራ ስታቅዱ ቁርጡን ሁሉ በአንድ ቀን ጨርሱ። አንድ ትርፍ ጣውላም ቁረጡ። ከዚያ ብሱ፣ ከዚያ አለስልሱ። ሲቆርጡ መግፊያ እንጨት መያዝ፣ ጓንት አለማድረግ፣ ነጠላና ሰፊ እጅጌ ከማሽኑ ማራቅ ግዴታ ነው። ልጆች ካሉ ስትወጡ ከሶኬቱ ንቀሉት።

ወደ አገር ቤት ልላከው ለምትሉ

ብዙ ሰው «ለወንድሜ በኮንቴይነር ልላክለት» ይለኛል። እዚህ ላይ የሞዴሉ ምርጫ ይገለበጣል። የአሜሪካው መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የኢትዮጵያው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን አይነካም። ስለዚህ የማርክ 5 ሞተር በአንድ ስድስተኛ ያህል ዘግይቶ ይዞራል፣ ከልክ በላይም ይሞቃል። ሞተሩ ሳጥኑ ውስጥ የተገጠመ ስለሆነ መተካቱ ቀላል አይደለም። 10 ኢአር ግን ሞተሩ ከውጭ ነው። የአሜሪካውን ሞተር እዚሁ አውርዳችሁ አካሉን ብቻ ላኩ። አዲስ አበባ በአገሩ መብራት የሚሠራ፣ የሚመጥን ጉልበት ያለው ሞተር ገዝቶ በፑሌጃና በቺንጊያ ማገናኘት ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ የሚሠራው ነው። የሞተሩ ፑሌጃ ተለቅ ያለ ከሆነ የቀነሰው ዙር ይካካሳል። ኢንች የሆኑትን ቡሎኖችና አለን ኪዎች ግን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አብራችሁ ላኩ፤ እነሱን እዚያ ማግኘት ያስቸግራል።